ምስሉ የሚያምር የአባትና ልጅ የወንጀል ፊልም አይቶ አስተያየት መስጠት፦ ከአንሶላው እስከ ደብተሩ

ድሬዳዋ ውስጥ ግቢ ተሰባስበው ፊልም ከሚያዩ ወጣቶች ደጋግሞ የሚመጣልን ጥያቄ ይህ ነው፦ «ፊልሙን ወደድነው፣ ምስሉም ያምራል። ተናገሩ ስንባል ግን ‹ምስሉ ያምራል› ካልን በኋላ ቃል ያጥረናል። ምን እናድርግ?»

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የተናጋሪው አይደለም። ጨለማ የበዛበት ፊልም በረንዳ ላይ፣ ከሱቅ በሚመጣ መብራት ሥር፣ ጀነሬተር እየጮኸ ከታየ ተመልካቹ የሚናገርበትን ነገር ገና አላየም፣ አልሰማም። ስለዚህ መመሪያው ምስሉ ከሚያርፍበት አንሶላ ይጀምርና አስተያየቱ ወደሚጻፍበት ደብተር ይሄዳል።

ለምሳሌ የያዝነው እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣውን «ሮድ ቱ ፐርዲሽን» ነው። ዳይሬክተሩ ሳም ሜንዴስ፣ ካሜራውን የመራው ኮንራድ ሆል፣ ርዝመቱ 117 ደቂቃ። ታሪኩ በ1931 ክረምት አሜሪካ ውስጥ ይካሄዳል። ለወንበዴዎች አለቃ የሚሠራ አባት አለ፤ ሥራው ምን እንደሆነ ልጁ በዓይኑ ያያል፣ ከዚያ ሁለቱም መሸሽ ይጀምራሉ። ከታች ምሳሌ ስንሰጥ የፊልሙን ዋና ዋና ቦታዎች እናወጣለን። ያላያችሁት ከደረጃ 4 ላይ አቁሙና አይታችሁ ተመለሱ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ፕሮጀክተር፣ 3,000 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ) አካባቢ
- ስፌት የሌለው ነጭ የአልጋ አንሶላ፣ ቢያንስ 2.20 በ1.50 ሜትር፣ የተተኮሰ
- ከኋላው የሚሰቀል ጥቁር ጨርቅ
- 2.20 ሜትር ፌሮና ሲባጎ
- ላፕቶፕ፣ የፊልሙ ቅጂ፣ ቢያንስ 5 ሜትር የኤችዲኤምአይ ገመድ
- ስፒከር (የላፕቶፑ ድምፅ አይበቃም)
- ስታብላይዘርና ማከፋፈያ
- ለእያንዳንዱ ሰው ደብተርና እርሳስ
- በቀይ ፌስታል የተጠቀለለ አንድ ትንሽ የእጅ ባትሪ

አቡጀዲ ለምን አላልንም? አቡጀዲ ጠባብ ስለሆነ ሁለት ቁራጭ ማጋጠም ይጠይቃል፤ መገጣጠሚያው ደግሞ መሀል ላይ፣ ልክ ተዋናዩ ፊት ላይ ይውላል። ቀዩ ፌስታል ጌጥ አይደለም። ጨለማ የለመደ ዓይን ነጭ መብራት ሲያገኘው እንደገና እስኪለምድ ደቂቃዎች ይፈጃል፣ ደብዘዝ ያለ ቀይ ግን ብዙም አይረብሸውም።

ደረጃ 1፦ ሰዓቱን ቁረጡ

ድሬዳዋ ላይ ፀሐይ በኅዳር ከ12 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ገደማ፣ በሐምሌ ደግሞ ከ12 ሰዓት ተኩል አለፍ ብሎ ትጠልቃለች። ድንግዝግዙ እስኪጠፋ ግማሽ ሰዓት ያህል ጨምሩበት። ያም ሆኖ ልክ እንደጨለመ አትጀምሩ። የዒሻ ሶላት ይለቅ፣ ሰጋጁም ይምጣ። ይህ ፊልም ከድምፁ ይልቅ ዝምታው ስለሚናገር የመስጊዱም የቤተ ክርስቲያኑም ማጉያ ካረፈ በኋላ መጀመር ይሻላል። 2:00 ሰዓት ላይ ከጀመራችሁ 3:57 ላይ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ሳቢያን ወይም መጋላ የሚገባ ሰው ባጃጅ ፍለጋ ስለሚነሳ ለውይይቱ ከ20 ደቂቃ በላይ አትያዙ። ሙሉውን ወሬ ለማግሥቱ ከሰዓት አቆዩት።

ከሰዓት በርጫ ላይ ለመጨዋወት የሚመች ሰዓት ነው፣ ፊልሙን ለማየት ግን አይሆንም። ቀን በመጋረጃ በተከለለ ክፍል ውስጥ የዚህ ፊልም ጥቁር ኮት ከጥቁር ግድግዳ አይለይም።

ደረጃ 2፦ አንሶላውን ስቀሉ

ፌሮውን በታችኛው ጠርዝ ሰፍታችሁ አስገቡት። የማታው ንፋስ አንሶላውን እንደ ሸራ ሲነፋው ምስሉ መሀሉ ላይ ይደበዝዛል። ጎኖቹንም በሲባጎ ወደ ውጭ ወጥሩ። ጥቁሩን ጨርቅ ከኋላ ደርቡበት፤ በአንሶላው አልፎ የሚመለስ የጎረቤት መብራት ጥቁሩን ግራጫ ያደርገዋል።

የምስሉን ስፋት 2 ሜትር ላይ አቁሙ። «ትልቅ ይሁን» የሚል ሰው አይጠፋም፣ አትስሙት። ስፋቱን ከ2 ወደ 3 ሜትር ስታሳድጉ ያው ብርሃን 2.25 እጥፍ ቦታ ላይ ይበተናል፣ ማለትም ድምቀቱ ከግማሽ በታች ይወርዳል። ለሠርግ ቪዲዮ ችግር የለውም፤ ሰው በጨለማ ውስጥ በሚቆምበት ፊልም ግን ሰውየው ይጠፋል። የዚህ ፊልም ፍሬም ረጅምና ጠባብ (2.39 ለ1) ስለሆነ ስፋቱ 2 ሜትር ሲሆን ቁመቱ 84 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ከላይና ከታች የሚቀረው ጥቁር መስመር ጉድለት አይደለም። «ስክሪኑን ሙላ» በሚለው አማራጭ ልታጠፉት ከሞከራችሁ ግራና ቀኝ ያሉትን ሰዎች ቆርጣችሁ ትጥላላችሁ። እዚህ ፊልም ላይ ደግሞ የፍሬሙ ዳርቻም ትርጉም አለው።

ደረጃ 3፦ ምስልና ድምፅ አስተካክሉ

ፕሮጀክተሩን «ሲኒማ» ወይም «ፊልም» በሚለው አማራጭ ላይ አድርጉት። «ዳይናሚክ» የሚለው ቀለሙን ያንቦገቡገዋል፤ ይህ ፊልም ደግሞ ሆን ተብሎ በግራጫ፣ በቡናማና በደበዘዘ አረንጓዴ የተያዘ ነው። «ጨለመ» ብላችሁ ብራይትነስ አትጨምሩ፣ ጥቁሩ ወደ አመድነት ይለወጣል እንጂ የተደበቀ ነገር አይወጣም። መፍትሔው አካባቢውን ማጨለም ነው። የበረንዳውን አምፖል አጥፉ። ሰው ከተቀመጠ በኋላ 10 ደቂቃ በጨለማ ይቆይ።

መፈተኛው ቀላል ነው። የሌሊት ትዕይንት ላይ አቁሙና የጥቁሩ ባርኔጣ ጠርዝ ከኋላው ካለው ጨለማ ተለይቶ ይታይ እንደሆነ ተመልከቱ። ከታየ ደህና ነው፣ ካልታየ ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ።

ስፒከሩ ከአንሶላው ሥር ይሁን። ጀነሬተር የምትጠቀሙ ከሆነ ከግቢው ውጭ፣ ከግንብ ጀርባ አውጡት። ከታች የምንጠቅሰው ዋናው የተኩስ ትዕይንት የተሠራው በዝምታ ስለሆነ ጀነሬተሩ እያጓራ ያየው ሰው ግማሹን አላየውም።

የአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ ካላችሁ ፋይሉን በዩቲኤፍ-8 (የፊደል ኮድ ዓይነት ነው) አስቀምጡ። ፊደሉ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ከመጣ ቪኤልሲ (የፊልም ማጫወቻው ፕሮግራም) ውስጥ ገብታችሁ ፎንቱን ኒያላ ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ አድርጉት። ቀለሙን ከነጭ ወደ ፈዛዛ ግራጫ አውርዱ፣ ቦታውን ወደ ታችኛው ጥቁር መስመር ግፉት። ቦግ ያለ ነጭ ጽሑፍ ዓይንን ስለሚይዝ ከላይ ያለውን ጨለማ ምስል ያሳውራል።

ማስጠንቀቂያ

- የድሬ ሙቀት ለፕሮጀክተር ጠላት ነው። በአየር ማስወጫው በኩል 30 ሳንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ተዉ፣ ትራስ ላይ አታስቀምጡት። የአቧራ ማጣሪያውን ከማሳየታችሁ በፊት አራግፉ።
- መብራት ከጠፋ ወዲያው ከሶኬት ንቀሉ። ሲመለስ በኃይል ሊመጣ ይችላል። አምፖሉ እንዲበርድ 10 ደቂቃ ጠብቁና በስታብላይዘር በኩል ክፈቱ። የቆመበትን ደቂቃ ጻፉና ስትቀጥሉ 2 ደቂቃ ወደ ኋላ መልሱ፤ ሰው የጠፋበትን ስሜት መልሶ ይይዛል።
- ፊልሙ ውስጥ እናትና ትንሽ ልጅ ይገደላሉ። አሜሪካ ውስጥ ከ17 ዓመት በታች የሆነ ሰው ያለ ወላጅ ወይም ያለ አሳዳጊ ሲኒማ ገብቶ እንዳያየው ተመድቧል። ግቢ ውስጥ ስታሳዩ የሠፈር ሕፃናት አጥር ላይ መንጠልጠላቸው ስለማይቀር አንሶላውን ወደ መንገድ አታዙሩት።

ደረጃ 4፦ መጀመሪያ ስታዩ ቁጥር ብቻ ጻፉ

የደብተሩን ገጽ በሦስት ዓምድ ክፈሉት፦ ሰዓት፣ ያየሁት፣ የተሰማኝ። በመጀመሪያው ዕይታ የሚሞላው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ሆዳችሁን የነካ፣ ያስገረማችሁ ወይም ያልገባችሁ ነገር ሲመጣ ደቂቃውን ጻፉና ቀና በሉ። ላፕቶፑ ላይ የሚቆጥረውን የፊልሙን ደቂቃ አንድ ሰው ይያዝና ሌላው ሲጠይቀው በሹክሹክታ ይንገረው። ስልክ አይወጣም።

ዐረፍተ ነገር እንዳትጽፉ የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ዐረፍተ ነገር ጽፋችሁ ቀና እስክትሉ 10 ሰከንድ ይሄዳል፣ ይህ ፊልም ደግሞ በ10 ሰከንድ ዝምታ ውስጥ ሰው ይገድላል። ከ8 እስከ 12 ቁጥር ይበቃል። 30 ቁጥር የያዘ ሰው ምንም አልመረጠም።

ደረጃ 5፦ የአባቶችንና የልጆችን ካርታ ሥሩ

በማግሥቱ፣ ምንም ከመጻፋችሁ በፊት፣ ስሞቹን በወረቀት ላይ አስቀምጡና በመስመር አያይዙ። እዚህ ፊልም ውስጥ ያሉት ጥንዶች ሦስት ናቸው፦

1. ማይክል ሰሊቫን (ቶም ሃንክስ) እና ልጁ
2. አለቃው ሩኒ (ፖል ኒውማን) እና የሥጋ ልጁ ኮነር (ዳንኤል ክሬግ)
3. ሩኒ እና እንደ ልጅ ያሳደገው ያው ሰሊቫን

በእያንዳንዱ መስመር ላይ ሁለት ነገር ጻፉ፦ አባት ለልጁ ምን ሰጠው? ምን ከለከለው? ፊልሙ የሚቆመው በሦስተኛው መስመር ላይ ነው። ሩኒ የሚወደውን ያሳደገውን ልጅና የማይረባውን የሥጋ ልጅ ማማረጥ ሲገባው ለሥጋው ያደላል፤ የቀረው ሁሉ ከዚያ ይመጣል። ይህን ካርታ ያልሠራ ሰው ስለ መጀመሪያው ጥንድ ብቻ አውርቶ ይጨርሳል።

የስም ነገር ያምታታል፣ በተለይ እኛን። አባትየውም ልጅየውም ማይክል ሰሊቫን ናቸው። በእኛ አጠራር ልጁ «ማይክል ማይክል» መሆኑ ነበር። ስለዚህ «አባትየው» እና «ልጅየው» በሉ፣ ሩኒን ደግሞ «አሳዳጊው» ወይም «ሽማግሌው»። «አባቱ» ብቻ ካላችሁ አዳማጭ የማን አባት እንደሆነ ይጠፋበታል።

ደረጃ 6፦ ሦስት ትዕይንት መርጣችሁ አቁማችሁ እዩ

ከቁጥሮቻችሁ ሦስት ምረጡ። እያንዳንዱን ሁለቴ ተመልከቱ፤ አንዴ ከነድምፁ፣ አንዴ ድምፁን አጥፍታችሁ። ከዚያ አቁሙና አምስት ነገር ብቻ ጠይቁ፦ ብርሃኑ ከየት ይመጣል? ሰዎቹ ምን ያህል ይራራቃሉ? በመካከላቸው ምን አለ? የምናየው በማን ዓይን ነው? ምን ይሰማል፣ ምንስ አይሰማም?

ሦስቱ ትዕይንቶች እንዴት እንደሚሞሉ እናሳይ።

የኮሪደሩ ትዕይንት፣ መጀመሪያ አካባቢ ያለው። ልጅየው አባቱን ለእራት ሊጠራ ይሄዳል። አባትየው የሚታየው ከሩቅ፣ በኮሪደሩ ጫፍ፣ በበር ክፈፍ ውስጥ ነው። ከኪሱ ዕቃ እያወጣ አልጋ ላይ ያኖራል፤ ከዕቃዎቹ አንዱ ሽጉጥ ነው። እዚህ ላይ የሚጻፈው ርቀቱ ነው። ልጁ በገዛ ቤቱ አባቱን የሚያየው እንደ እንግዳ ሰው፣ በክፈፍ ውስጥ ነው። በኋላ ደግሞ ግድያውን በቀዳዳ አጮልቆ ያያል። ክፈፍና ቀዳዳ ቁጠሩ። ከዚያ መኪና መንዳት ሲያስተምረው ሁለቱ በአንድ ፍሬም ውስጥ ጎን ለጎን መቀመጣቸውን አስተውሉ። በመካከላቸው በር የለም።

የፒያኖው ትዕይንት። ለቅሶ ቤት ውስጥ ሩኒና ሰሊቫን አንድ ፒያኖ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይጫወታሉ። እናንተ ግን እጃቸውን አትዩ፤ ኮነርን ፈልጉትና ፊቱን እዩ። አንድ ቃል ሳይነገር ሦስተኛው መስመር ሁለተኛውን ሲያቃጥለው ይታያል።

የዝናቡ ትዕይንት። ሌሊት ነው፣ ይዘንባል፣ ሩኒና ጠባቂዎቹ ወደ መኪናቸው ይሄዳሉ። ከጨለማው ውስጥ የመትረየስ ብልጭታ ብቻ ይታያል። ተኳሹ አይታይም፣ ተኩሱም አይሰማም፤ የሚሰማው የቶማስ ኒውማን ሙዚቃ ነው። ሰዎቹ አንድ በአንድ ሲወድቁ ሽማግሌው ጀርባውን ሰጥቶ ይቆማል። ሁለቱ ፊት ለፊት ሲገናኙ ብቻ ድምፅ ይመለሳል። እዚህ ያለው ጥያቄ «ለምን ድምፅ አጠፉ?» የሚለው አይደለም፣ «ድምፁ ለማን ተቆጠበ?» የሚለው ነው። ለሌሎቹ ጥይት ድምፅ የለውም፣ ያሳደገውን አባት የሚገድለው ጥይት ግን አለው።

ተጨማሪ ሥራ ለሚፈልግ ውኃውን ይቁጠር። ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ሬሳው በበረዶ ላይ ተኝቷል፣ ግድያ መታጠቢያ ቤት ውስጥ አለ፣ ዝናቡ አለ፣ መጨረሻውም ሐይቅ ዳር ነው። ሞት ሲመጣ ብዙ ጊዜ ውኃ በአቅራቢያው አለ። ድሬዳዋን የሚያቋርጠውን የደቻቱን ወንዝ ደርቆ አሸዋ ሆኖ የሚያውቅ፣ የ1998ቱንም ጎርፍ ያየ ሰው እዚህ ላይ ሌላ አገር ያለ ተመልካች የማይለውን ሊል ይችላል። ይበል፣ ግን መጀመሪያ ደቂቃዎቹን ይቁጠር።

ደረጃ 7፦ ጻፉ

መጠኑ ጮክ ብሎ ሲነበብ 3 ደቂቃ። በስልክ ለኩት። ታሪኩን ለመተረክ የተፈቀደላችሁ 3 ዐረፍተ ነገር ነው፣ ከዚያ በላይ የሚተርክ ሰው አስተያየት መስጠት ፈርቷል ማለት ነው። ቀሪው በዚህ ቅደም ተከተል ይሂድ፦ ያየሁት፣ የተሰማኝ፣ ምክንያቱ።

ያልበሰለው እንዲህ ይመስላል፦

«ሲኒማቶግራፊው እጅግ ድንቅ ነው። ብርሃንና ጥላው ልብ ይነካል። የአባትና የልጅ ፍቅር በጥልቀት ተገልጿል።»

ይህን ስለ የትኛውም ፊልም መናገር ይቻላል። የታረመው፦

«መጀመሪያ አካባቢ ልጁ አባቱን የሚያየው በኮሪደር ጫፍ፣ በበር ክፈፍ ውስጥ ነው። ሽጉጡን ከኪሱ አውጥቶ አልጋ ላይ ሲያኖረው እኔም ከልጁ ጋር ትንፋሼን ያዝኩ፤ አባትየው አልተቆጣም። የረበሸኝ ሽጉጡ አይደለም፣ እንደ ቁልፍና እንደ ሳንቲም መቀመጡ ነው።»

ልዩነቱን እዩት። ሁለተኛው «ድንቅ» የሚል ቃል የለውም፣ ያላየውም ሰው ግን ክፈፉን ያየዋል።

ንግግር ስትጠቅሱ አንድ ችግር ይመጣል። የእንግሊዝኛው «ዩ» አንድ ነው፤ በአማርኛ ልጁ አባቱን «አንተ» ይበለው ወይስ «እርስዎ»? በድሬ አፍ አባትን «አንተ» ማለት ያለና የፍቅር ስለሆነ እዚህ ቤት ውስጥ ያለው ፍርሃት ይጠፋል። የእኛ ምክር ይህ ነው፦ መጀመሪያ ላይ በ«እርስዎ» ጀምሩና መንገድ ላይ ሲቀራረቡ ወደ «አንተ» አውርዱት። የት ላይ እንደምትቀይሩት መወሰን ራሱ አስተያየት ነው፣ ከአምስት ሰው ሦስቱ ሌላ ቦታ ይመርጣሉና ጥሩ ክርክር ይወጣዋል።

ደረጃ 8፦ ስትወያዩ

አወያዩ «ወደዳችሁት?» ብሎ አይጀምር፣ መልሱ አዎ ወይም አይደለም ሆኖ ይቀራል። «የትኛው ደቂቃ ላይ ጻፋችሁ?» ብሎ ይጀምር። ሁለት ሰው አንድ ደቂቃ ከጻፉ ከዚያ ግቡ።

አባቶችና ልጆች አንድ ላይ ከተቀመጡ ታናሹ ቀድሞ ይናገር። አባት ከተናገረ በኋላ ልጅ «እንዳለው ነው» ከማለት አያልፍም። «አንተስ ከአባትህ ጋር እንዴት ነህ?» ብላችሁ ግን ማንንም አትጠይቁ፤ ሰው በፊልሙ በኩል ራሱ ይመጣበታል። ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ ወይም ሐረሪ የሚቀናው በሚቀናው ይናገር፣ አጠገቡ ያለው በሁለት ዐረፍተ ነገር ይመልስለት። ትንሽ ይዘገያል፣ ግን «አቦ እኔ አማርኛዬ…» ብሎ ዝም የሚለውን ሰው ያተርፋል።

ደጋግመው የሚሠሩ ስሕተቶች

- የፕሮጀክተሩን ጉድለት የፊልሙ ማድረግ። «ምንም የማይታይበት ትዕይንት አለ» ከማለታችሁ በፊት ያንኑ ደቂቃ በላፕቶፑ ስክሪን፣ በጨለማ ክፍል ውስጥ እዩት።
- ሁሉንም ለዳይሬክተሩ መስጠት። ብርሃኑ የኮንራድ ሆል ሥራ ነው። ሆል በጥር 2003 ሞተ፣ በዚህ ፊልም ያገኘው ኦስካር የተሰጠው ከሞተ በኋላ በመጋቢት ነው (ሁለቱም በአውሮፓ አቆጣጠር)። «ካሜራው» ስትሉ ስሙን ጥሩት።
- «ጥቁርና ነጭ ነው» ማለት። አይደለም፣ ቀለም አለው። የተመጠነ ስለሆነ ነው የሚሸውደው።
- አባትየውን ቅዱስ ወይም ሰይጣን ማድረግ። ለልጁ ያለውን ስስት ያየ ሰው ግድያውን ይረሳል፣ ግድያውን የያዘ ደግሞ ስስቱን። ሁለቱንም የያዘ አንድ ትዕይንት ፈልጉና በእሱ ላይ ተናገሩ።
- ፖል ኒውማንንና የሙዚቃውን ደራሲ ቶማስ ኒውማንን አባትና ልጅ ማድረግ። የፊልሙ ጉዳይ አባትና ልጅ ስለሆነ ነገሩ ይጥማል፣ ግን አይዛመዱም።
- ሰው ሲነሳ ፕሮጀክተሩን ወዲያው መንቀል። በማጥፊያው አጥፉት፣ ማራገቢያው ራሱ እስኪቆም ጠብቁ፣ ከዚያ ገመዱን ንቀሉ። አንሶላውን ግን ወዲያው አውርዱት፤ ማታ ከቀረ ጠዋት አቧራ ጠጥቶ ለሚቀጥለው ሳምንት መታጠብ አለበት።